«መምህርም አማካሪም መሆን እፈልጋለሁ» ላለችኝ ተማሪ

ጥያቄሽ ደርሶኛል። ሌሎችም እንዲከታተሉን መጀመሪያ ባጭሩ ላስቀምጠው። ደሴ ውስጥ 12ኛ ክፍል ነሽ፣ ሶሻል። 9ኛ ክፍል እያለሽ አባትሽ ታመሙና ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቀረሽ። ስትመለሺ ሁሉም «ወላጅ አምጪ» ሲልሽ አንዲት መምህርት ግን ምንም ሳትጠይቅሽ የራሷን ማስተማሪያ ደብተር አዋሰችሽ፣ «ቦታሽ እዛው ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም» አለችሽ። ከዛን ቀን ጀምሮ እሷን መሆን ነው የምትፈልጊው። መጀመሪያ ተማሪ የሚደግፍ መምህር፣ በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ ካውንስለር ማለት ነው። ቤት ውስጥ ግን «መምህርነት እንጀራ አይሆንም» እየተባልሽ ነው። የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነው፦ ሁለቱንም መሆን ይቻላል ወይ? ምን ልማር? ሦስተኛው ደግሞ «ሰው ሲያለቅስ አብሬ አለቅሳለሁ፣ ለዚህ ሥራ አልሆንም ማለት ነው?» የሚለው ነው።

«እርስዎ» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ፣ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አንቺ ልበልሽ። ሰባት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ላይ አማርኛ አስተምሬያለሁ፣ በምክር አገልግሎት ሥራ ላይ ደግሞ አሁን 11 ዓመት ሆነኝ። ስለዚህ የምጽፍልሽ ከሁለቱም ወንበር ተቀምጬ ነው።

ከሦስተኛው ልጀምር፣ በጣም ያሳሰበሽ እሱ መሰለኝ።

አብረሽ ማልቀስሽ አያስቀርሽም። እንባ አይንሽ ላይ ቢያቀርር ልጁ ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም አንዳንዱ «ሰው ሰማኝ» ይላል። ችግር የሚሆነው ልጁ የራሱን ትቶ አንቺን ማባበል ሲጀምር ነው። ሲከብድሽ አይቶ «ተዪው ቲቸር፣ ያን ያህል አይደለም» ካለ፣ ወሬው እዛ ላይ አበቃ። ቤት ውስጥ እናቱን የሚያባብል ልጅ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ አንቺን እንዲያባብል አድርገሽዋል። ይሄን መጠን መያዝ በልምምድ ይመጣል። በትምህርቱም ውስጥ ሱፐርቪዥን የሚባል ነገር አለ፣ ልምድ ካለው ሰው ጋር ቁጭ ብለሽ የሰማሽውን፣ የተሰማሽን የምታወሪበት። ምንም የማይሰማው ሰው ግን በምን ልምምድ እንደሚስተካከል እኔ አላውቅም። አንቺ ያለሽ ትርፍ ነው፣ ትርፍ ይቀነሳል።

አንድ ትንሽ ነገር ላሳይሽ። ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ሶፍት አለ። ልጁ ራሱ እጁን ዘርግቶ እንዲያነሳው ወደሱ ጠጋ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ እንጂ ማልቀስ ሲጀምር መዝዤ አልሰጠውም። መዝዘሽ ስትሰጪው ብዙ ልጅ «በቃ፣ አቁም» ያልሽው ይመስለዋል። የለመደው እሱን ነዋ። በተለይ ወንዶቹ። 11ኛ ክፍል የደረሰ፣ ጺሙ የበቀለ ልጅ ሲያለቅስ መጀመሪያ የሚያደርገው በሩን ማየት ነው፣ ሰው አየኝ ብሎ። ያኔ አልናገርም። ተነስቼ መጋረጃውን እስበውና እመለሳለሁ።

«አይዞህ» የምትለዋ ቃላችንም እንደዚሁ ናት። እወዳታለሁ፣ እኔም ያደግኩት በሷ ነው። ቶሎ ከመጣች ግን በር ትዘጋለች። ልጅቷ «አባቴ ከሄደ ሁለት ወር ሆነው» ስትልሽ ወዲያው «አይዞሽ፣ ይመለሳል፣ ፈጣሪ አለ» ካልሻት፣ ቀጥላ ልትነግርሽ የነበረውን ትውጠዋለች። ምናልባት እኮ እንዲመለስ አትፈልግም። ማን ያውቃል? አልጠየቅሻትማ። «አይዞሽ» መጨረሻ ላይ ስትመጣ ግን፣ ሁሉም ከተነገረ በኋላ፣ ትልቅ ጉልበት አላት።

ካርል ሮጀርስ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ነበር፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው። ይሄን ትምህርት ስትጀምሪ ስሙን ደጋግመሽ ትሰሚዋለሽ። ሰው የሚለወጠው ሦስት ነገር ሲያገኝ ነው ይላል፦ ሳይፈረድበት ሲከበር፣ ከውስጡ ሲረዱት፣ የሚረዳውም ሰው የማያስመስል ሲሆን። ለፈተና ይሄን መሸምደድ ሁለት ደቂቃ ነው። ልጅ ፊት ቁጭ ብሎ መሥራቱ ነው ዓመታት የሚፈጀው፣ ምክንያቱም እኛ ያደግነው በምክር ነው። ታላቅ ይመክራል፣ ታናሽ ይሰማል። «አማካሪ» የሚለው ስም ራሱ «ልምከርህ» የሚል ይመስላል፣ ልጆቹም ሲገቡ ስብከት ጠብቀው ነው የሚገቡት።

አሁን አንድ ልጅ ልንገርሽ። 10ኛ ክፍል ነበር። የመጀመሪያ ፔሬድ ላይ ሁልጊዜ ይተኛል፣ ጭንቅላቱን ክንዱ ላይ ደፍቶ። ሦስት መምህራን ጽፈውበት ወደ እኔ ላኩት። ወረቀቱ ላይ «ሥነ ምግባር የጎደለው» ይላል። ገብቶ ቆመ። ቁጭ በል ስለው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ለምን ትተኛለህ?» ብዬው ቢሆን «ሁለተኛ አይለመደኝም» ብሎ ይወጣ ነበር፣ ከዛ በፊት ለዩኒት ሊደሩ ሦስት ጊዜ እንደዛ ብሎ ወጥቷል። እጁን አየሁት። ጥፍሩ ሥር ነጭ ነገር አለ፣ ጠመኔ መሰለኝ። «ዛሬ ስንት ሰዓት ተነሳህ?» አልኩት። «ስምንት ሰዓት» አለኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ጥፍሩ ሥር ያለው ዱቄት ነው። እናቱ ከታመሙ ወዲህ ሰፈራቸው ያለ ዳቦ ቤት ሌሊት ሊጥ ያቦካል፣ ሲነጋጋ ዳቦውን በማዳበሪያ ተሸክሞ ለየሱቁ ያደርሳል፣ ከዛ ዩኒፎርሙን ለብሶ ሰልፍ ላይ ይቆማል።

እኔ ለዚህ ልጅ የሰጠሁት ምክር የለም። ምን ብዬ ልምከረው? «ሌሊት ተኛ» ልበለው? ዳቦ ቤቱ ባለቤት ጋ አብረን ሄድን። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፣ ልጁ ተማሪ መሆኑን ያውቃሉ እንጂ ክፍል ውስጥ እንደሚተኛ አያውቁም። ማቡካቱን ለሌላ ሰው ሰጥተው ልጁን ማድረሱ ላይ ብቻ አስቀሩት፣ መነሻው 11 ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት እንቅልፍ አተረፈ ማለት ነው። ለመምህራኑ ደግሞ፣ ልጁን አስፈቅጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው፦ «ሌሊት ይሠራል፣ ለቤቱ ነው።» የሒሳብ መምህሩ ለዛ ክፍል ቴስት የሚሰጥበትን ቀን ሒሳብ ረፋድ ላይ ወደሚውልበት ቀን አዞረው። ልጁ አንደኛ ወጣ ብዬ አልነግርሽም። 10ኛን አልፎ 11 ገባ።

ይሄን ያመጣሁልሽ ሥራው ምን እንደሚመስል እንድታዪው ነው። አንዲት መልስ የማታስፈራ ጥያቄ፣ አንድ የእግር መንገድ፣ ከመምህራን ጋር አንድ አረፍተ ነገር። ደግ ልብ አለሽ፣ ከደብዳቤሽ አይቻለሁ፣ ግን ደግ ልብ ብቻውን ያንን ልጅ «ጎበዝ ሁን፣ ተስፋ አትቁረጥ» ብሎ ይሸኘው ነበር። ይሄ ሙያ ነው፣ የሚማሩት ነው። ዋናው የምልሽም እሱ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። ሁለቱንም መሆን ይቻላል ወይ?

አንዱን ከአንዱ አስከትሎ መሆን ይቻላል፣ እኔም እንደዛው ነኝ፣ ጥሩ መንገድም ነው። ክፍል ውስጥ ቆሞ ያላስተማረ አማካሪ መምህራኑ ቶሎ አይሰሙትም። «60 ልጅ ይዘህ 40 ደቂቃ ቆመህ እየው» ይሉታል፣ እውነታቸውን ነው። ባንድ ጊዜ፣ ባንድ ትምህርት ቤት፣ ለዛው ልጅ መምህርም አማካሪም መሆን ግን ይከብዳል። ማርኩን ይዘሻላ! ጠዋት ከሃያው አራት ብቻ የሰጠሽው ልጅ ከሰዓት መጥቶ ለምን እንዳላጠና እውነቱን የሚነግርሽ አይመስለኝም። ቢነግርሽም አንቺ ራስሽ ማርኩን ስታርሚ እጅሽ ይወላውላል።

ከማርክ የባሰው ግን ቅጣት ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ አማካሪ ስትቀጠሪ ቀስ በቀስ የዲሲፕሊን ኃላፊ ሊያደርጉሽ ይሞክራሉ። በክፋት እንዳይመስልሽ። ሰው የለም፣ ሥራው ብዙ ነው፣ አንቺ ደግሞ ክፍል አትገቢም። «እስቲ እነዚህን አርፍደው የመጡትን አንቺ ያዢያቸው» ይባላል። በዛው ሳምንት ቢሮሽ የሚፈራ ቢሮ ይሆናል። ይሄን ከመጀመሪያው ቀን ከርዕሰ መምህሩ ጋር በግልጽ ተነጋገሪ፦ ያጠፋ ልጅ ወደኔ ይምጣ፣ ለመቅጣት ግን አይሁን፣ ቅጣቱን ሌላ ሰው ይወስን። እኔ ለዚህ ነገር ሁለት ዓመት ተከራክሬያለሁ፣ አሁንም አንዳንድ ጊዜ እከራከራለሁ።

ምስጢርን በተመለከተ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። አማካሪ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንዲት ልጅ አባቷ ማታ ጠጥቶ ሲገባ እናቷን እንደሚመታ ነገረችኝ። ለሆምሩም መምህሯ ስታፍ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ነገርኳት። ለክፉ አላሰብኩም፣ በልጅቷ ላይ እንዳትጨክንባት ብዬ ነው። መምህሯም ለክፉ አላሰበችም። ከክፍል በኋላ ጠርታ «ስለ አባትሽ ሰምቻለሁ፣ በርቺ» አለቻት። ልጅቷ ከዛ በኋላ አንድም ቀን ቢሮዬ አልገባችም። ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ ቲቸር» ትለኛለች፣ በትህትና፣ ታልፋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዛ። የዳቦ ቤቱን ልጅ አፌን ከፍቼ ለመምህራኑ ከመናገሬ በፊት ያስፈቀድኩት ከሷ ተምሬ ነው።

ግን «ምንም ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል እንዳትገቢም። ይሄ አዲስ አማካሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱበት ነው። የማይጠበቅ ምስጢር አለ። ልጁ ራሱን ሊጎዳ ካሰበ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ካሰበ፣ ወይም እሱን የሚጎዳው ሰው ካለ፣ ዝም ማለት አትችዪም። ስለዚህ ገና ሲቀመጥ ነው የሚነገረው፦ «እዚህ የምናወራው እዚሁ ይቀራል፣ አንተ ወይ ሌላ ሰው አደጋ ላይ ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም፣ ያኔ ለማን እንደምናገር መጀመሪያ ላንተ እነግርሃለሁ።» ልጆች ይሄን ሲሰሙ ይሸሻሉ ብዬ እፈራ ነበር። አይሸሹም። ደንቡን ቀድሞ የነገራቸውን ሰው ያምናሉ።

የ15 ዓመት ልጅ መጥታ «ቲቸር፣ ትምህርት ቤት መቀየር ይቻላል?» አለችኝ እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ጥያቄ አይደለም። ቁጭ ብለሽ ስትሰሚያት ለፋሲካ ሊድሯት ነው። እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ አለብሽ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ 18 ዓመት ካልሞላ አይፈቅድም፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በወንጀል ያስቀጣል። ለርዕሰ መምህሩ፣ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ ካስፈለገም ለፖሊስ ይደርሳል። ግን ደግሞ ልጅቷ ማታ የምትመለሰው እዛው ቤት ነው። ስለዚህ በየትኛው ቅደም ተከተል፣ ማን ቤተሰቡን ያናግር፣ አጎት ይሻል ወይስ የሰፈር ሽማግሌ ወይስ የንስሐ አባት፣ እሷ ዛሬ ማታ የት ትደር፣ ይሄን ሁሉ ከሷ ጋር ሆነሽ ታስቢያለሽ። ሕጉን ብቻ ይዞ የሚሮጥ አማካሪ ልጅቷን ብቻዋን ያስቀራታል።

ራስን ስለማጥፋት የሚያወራ ልጅ ከገጠመሽ ደግሞ በቀጥታ ጠይቂው፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ይሄን እርግጠኛ ሆነሽ ያዢው። ብቻውን አትተዪው። ለቤተሰብ አሳውቂና የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል እንዲደርስ አድርጊ። አዲስ አበባ አማኑኤል አለ፣ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ያሉ ሪፈራል ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አማካሪ ሐኪም አይደለችም። የት መላክ እንዳለባት የምታውቅ ናት።

ምን ልማር ላልሽው፣ መንገዱ ከአንድ በላይ ነው።

አንዱ በመምህርነት በኩል ነው። የምትወጂውን ትምህርት፣ ታሪክ በይው ጂኦግራፊ ወይም ቋንቋ፣ በመምህርነት ዲግሪ መማር። ወይም ደግሞ ትምህርቱን በአፕላይድ ተምረሽ ፒጂዲቲ የሚባለውን የአንድ ዓመት ገደማ የማስተማር ሥልጠና መጨመር፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ብዙዎቹ ባለፉት ዓመታት በዚህ ነው ያለፉት። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ዋና ሥራው መምህር ማውጣት ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም አንዱ መነሻው የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። ጥቂት ዓመት አስተምረሽ ከዛ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ መቀጠል ትችያለሽ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ትምህርቱ አለ። ለማስተርስ የመግቢያ ፈተና፣ ጋት የሚሉት፣ ይጠብቅሻል።

ሌላው በቀጥታ ሳይኮሎጂ ነው። አሁን ብዙ ትምህርት ቤቶች ለአማካሪነት የሚፈልጉት የሳይኮሎጂ ምሩቅ ነው፣ ቶሎ ወደ ቢሮው የሚያስገባሽ እሱ ነው። ጉድለቱ ከላይ ያልኩሽ ነው፣ ክፍል አታውቂም። ሰው የማይቆጥረው ሦስተኛ መንገድ ደግሞ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ነው። ማየት ወይም መስማት የተሳነውን፣ ማንበብ አልገባ ያለውን፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንዴት እንደምትደግፊ ትማሪያለሽ። ክፍል ውስጥ «ሰነፍ» ተብለው የተቀመጡ ልጆች ስንቶቹ ችግራቸው ማየት ወይም መስማት እንደሆነ ብነግርሽ ታዝኚያለሽ። እኔ ይሄን ትምህርት ዘግይቼ ነው ያገኘሁት፣ ቀድሜ ባገኘው ኖሮ እላለሁ።

የትኛውን ልምረጥ ብለሽ አሁን አትጨነቂ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፣ ጀነራል ሳይኮሎጂ የሚባለው ኮርስ ለሁሉም ይሰጣል። እሱን ለማርክ ብቻ አትማሪው። ስለ ትውስታ፣ ስለ እድገት፣ ስለ ጭንቀት ስታነቢ የሰፈርሽ ልጆች ትዝ ካሉሽ መንገድሽ እዛ ነው። የማያልቅ ሽምደዳ ከሆነብሽ፣ የሚያስደስትሽም ክፍል ውስጥ ቆሞ ማስረዳቱ ከሆነ፣ በመምህርነቱ በኩል ሂጂ። ዲፓርትመንት ምርጫ በውጤትም ስለሆነ ግን ፍሬሽማን ላይ መዘናጋት የለም። ስትጨርሺም የመውጫ ፈተና አለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ካላመጡ ዲግሪው አይሰጥም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም አማካሪ ስትሆኚ የዓመቱ ከባዱ ጊዜሽ እሱ ነው። የትምህርት ቤት ምክር የተጀመረው ከሐዘንና ከጭንቀት ጋር ሳይሆን ከሥራ ምርጫ ጋር ነው። ፍራንክ ፓርሰንስ የሚባል ሰው በ1908 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ፣ ምን ሥራ ይሻለኛል ብለው ግራ ለተጋቡ ወጣቶች ቢሮ ከፈተ። ሙያው ከዛ ነው ያደገው። እኛ አገር ይሄ ነገር ዛሬ እሳት ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። አስቢው፣ 100 ልጅ ከተፈተነበት ትምህርት ቤት ከ90 በላይ ልጅ «ወደቅኩ» ብሎ ቤቱ ይገባል። የት ነው የሚሄዱት?

ውጤት በወጣ ማግስት እኔ ቢሮ አልቀመጥም። ስልክ ቁጥራቸውን አስቀድሜ እይዛለሁ፣ እደውላለሁ። የሚመጣው ያለፈው ነው፣ ማርኩን ሊያሳይ። ያልመጣው ነው የኔ ሥራ። ሬሜዲያል፣ የማካካሻ ትምህርቱ ማለት ነው፣ የሚደርሰው ማን ነው፣ ቴክኒክና ሙያ ቢገባ የሚያዋጣው ማን ነው፣ በግል ድጋሚ መፈተን ያለበት ማን ነው፣ ለማን ደግሞ መጀመሪያ አባቱን ማናገር ይሻላል። አንድ አባት ስልክ ላይ «ልጄ የለም፣ ሞቷል በይው» ብለውኛል፣ በንዴት። ልጁ ጓዳ ውስጥ ነበር፣ እየሰማ። በማግስቱ ሄድኩ፣ ቡና አፈሉልኝ፣ እሳቸው ሲበርዱ ልጁ ከጓዳ ወጣ። አሁን ኤሌክትሪሺያን ነው።

አንቺም ራስሽ ዘንድሮ ትፈተኛለሽ። እንዳሰብሽው ባይሆን ይሄ የምትመኚው ነገር አይዘጋም፣ መንገዱ ይረዝማል እንጂ። ያን ቀን ሰው ይዘሽ ውጤትሽን እዪ፣ ብቻሽን አትዪው።

ስለ ቤተሰብሽ። «እንጀራ አይሆንም» ያሉት ውሸት አይደለም፣ የመምህር ደመወዝ ትንሽ ነው፣ ኑሮው ደግሞ ታያለሽ። ብዙ መምህራን ከሰዓትና ቅዳሜ ቤት ለቤት እያስጠኑ ነው የሚሞሉት። እኔም አስጠንቻለሁ። ስለዚህ «ገንዘብ አያስፈልገኝም» ብለሽ አትከራከሪያቸው፣ የሚያሳስባቸው እሱ ነውና ጭራሽ ይፈራሉ። መንገዱን አሳዪያቸው። መምህርነት ደረጃ አለው፣ ከጀማሪ መምህር ተነስቶ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እያለ ወደ መሪ መምህርነት ይወጣል። በካውንስሊንግ ማስተርስ ያለው ሰው ደግሞ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጪ በግል ትምህርት ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በሆስፒታሎች፣ ከሕፃናትና ከተፈናቃዮች ጋር በሚሠሩ ድርጅቶች ሥራ ያገኛል። እናትሽን ብቻዋን፣ ቡና ላይ፣ አባትሽ በታመሙ ጊዜ ያቺ መምህርት ያደረገችልሽን ንገሪያት። ምናልባት እስከዛሬ አልነገርሻትም።

ሥራው ብዙ እንደሆነም ከወዲሁ እወቂው። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ይበቃል ይላል። እኔ አሁን ያለሁበት ወደ 2 ሺህ ተማሪ አለ፣ አማካሪዋ እኔ ብቻ ነኝ። ሁሉንም አላገኝም። ይሄ ማታ ማታ ያስጨንቀኛል፣ አልደብቅሽም። ለዛ ነው መምህራኑ አንቺን የመሰሉ ቢሆኑ የምመኘው። ቢሮዬ ከሚመጣው ልጅ ይልቅ ክፍል ውስጥ አንድ መምህር ቀድሞ ያየው ልጅ ይበዛል።

አሁን፣ ዛሬ፣ ምን ላድርግ ካልሽ ሁለት ነገር ልስጥሽ። የመጀመሪያው ልምምድ ነው። ጓደኛሽ ወይም ታናሽሽ የሆነ ነገር ሲያወሩሽ አሥር ደቂቃ ሙሉ «እኔ ብሆን» እና «እንደዚህ አድርጊ» ሳትዪ ስሚ። መጠየቅ ይቻላል፣ መምከር አይቻልም። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ምላስሽን ይበላሻል፣ ታገሺው። ሰባተኛው ላይ ምን እንደምትሰሚ ያኔ ታያለሽ።

ሁለተኛው፣ ያቺ መምህርትሽ አሁንም እዛው ካለች ሂጂና አግኚያት። ምስጋናው ደግ ነው፣ ግን ጥያቄም ይዘሽ ሂጂ። ሌሎቹ ሁሉ «ወላጅ አምጪ» ሲሉሽ እሷ ምን አይታ ደብተሯን እንዳወጣች ጠይቂያት። ፊትሽን ነው? ጫማሽን ነው? የተቀመጥሽበትን ሁኔታ ነው? የምትነግርሽን በጽሑፍ ያዢውና ለኔም ላኪልኝ።